ዛፉ ማይኩና ሰባቱ ጀግኖች

የዛፉን መሞት የነገረኝ ኤርሚያስ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። ሴቻ፣ በከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ያለችው ጁስ ቤቴ በር ላይ ባጃጁን አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ፣ «ብርቄ፣ ሰምተሻል? ዛፉ ማይኩ አረፈ። ቀብሩ ነገ ጫኖ ነው» አለኝ። የያዝኩትን ማንጎ አስቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አይደለም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሙሉነህ ነው። «ይሄ ሰውዬ ድንኳን ውስጥ ተነስቶ ሊናገር ነው» አልኩ በሆዴ፤ ደሜ ፈላ። እንባው የመጣው ኋላ፣ ሱቄን ዘግቼ ነጠላዬን ስፈልግ ነው።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ዛፉን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። ሙሉነህም እንዲታወስልኝ ነው። ቂመኛ ነኝ፣ አልደብቅም። እናቴም ጨንቻ ውስጥ የምትታወቀው በዚሁ ነበር። ሰው ይቅር በዪ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን አድርጎኝ እንደሆነ ያውቃል ወይ?» ብዬ ነው። የማያውቅ ሰው ምኑን ይቅር ይባላል?

ዛፉን ለማያውቅ ልናገር። ሲቀላ፣ ታችኛው ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያልኳችሁ ሙሉነህ ፊልም ቤት አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ ሙቀቱ ሰው የሚቀቅል። እኔ ያኔ በሩ ላይ ትኬት እቆርጥ ነበር፤ በመሀል ለስላሳና ቆሎ ይዤ እዞራለሁ። ዛፉ ተርጓሚው ነው። እኛ ዘንድ የፈረንጅ ፊልም ዝም ብሎ አይታይም። ተርጓሚው ከስክሪኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ማይክ ይዞ፣ የሁሉንም አፍ ይናገራል፤ የንጉሡንም፣ የሌባውንም፣ የሙሽራዋንም፣ ካስፈለገ የውሻውንም። ጎበዝ ተርጓሚ ያለው ቤት ይሞላል። ዛፉ ያለበት ቤት ግን በር ላይ ሰው ይጋፋል፤ ስንቱን በክርኔ እንደገፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እንግሊዝኛውን የለመደው ጫሞ ሐይቅ ላይ ነው፤ አዞ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችን በጀልባ ሲያመላልስ። አማርኛው ደግሞ የገጠር መንደሩ የጫኖ አማርኛ ነው። አፉን የፈታው በጋሞኛ ስለሆነ ሴቷን ጀግና አንዳንዴ «መጣ፣ ሄደ» ይላት ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ሰሞን ይስቁበታል። ትንሽ ሲቆዩ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ፊት ወንበር ለመያዝ ምሳቸውን ትተው የሚመጡት እነሱው ናቸው።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ድምፅ አይፈጥርም ነበር። ድምፅ የሚወስደው ከሲቀላ ሰው ነው። «ብርቄ፣ ሰው ከአየር ላይ አይናገርም። ከሆነ ሰው አፍ ነው የሚወጣው» ይለኛል። ፖሊስ ሲመጣ በአደባባዩ ትራፊክ ድምፅ ያናግረዋል። ንግሥት ከሆነች ገበያ ውስጥ ዳጣ በምትሸጠው ሴትዮ። የሚቀና ባል ከሆነ በኔ አጎት፤ አጎቴ ይሄን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ። ማንም አይከፋም ነበር። እንዲያውም ጠዋት መንገድ ላይ አስቁመው «ትናንት በኔ ድምፅ አልተናገርክም? ምን ሆኜ ነው የሞትኩት?» ይሉታል፤ እሱም የፊልሙን ታሪክ ቆሞ ይነግራቸዋል።

አንድ ሕግ ነበረው። ፊልሙ ውስጥ ሰው ሲሞት አይተረጉምም። የፊልሙን ድምፅ የሚቀንስበት ቁልፍ እጁ ላይ ነው። ሰውየው ሲወድቅ ድምፁን ይቀንስና ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ማይኩ ክፍት ነው፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። አዳራሹም ዝም ይላል። ያ ሁሉ ሲጮህ የነበረ ጎረምሳ፣ የባጃጅ ሹፌሩ፣ የሙዝ ጫኚው፣ ሁሉም ዝም። ከዚያ ባርኔጣውን መልሶ ያደርግና «ተከተሉኝ» ይላል፤ ፊልሙ ይቀጥላል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ብጠይቀው ገረመው። «ለቅሶ ነዋ» አለኝ። «ሰው ሞቶ እያየሽ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ እንዴ?»

ሲጀምር ደግሞ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለች፦ «ተርጓሚያችሁ ዛፉ ነኝ፣ የጫኖ ልጅ። ተከተሉኝ።» ቤቱ ያጨበጭባል። ይቺ ነበረች ደሞዙ ብል አላጋነንኩም።

ሙሉነህ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው። ወፍራም አይደለም፣ ግን እንደ ወፍራም ነው የሚራመደው። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ «እህም፣ እህም»፣ ከዚያ ቀበቶውን ወደ ላይ ይስባል፣ ከዚያ «እኔ ባልኖር እናንተ ማን ነበራችሁ?» ይላል። ለኔ ብሎታል፣ ለዛፉ ብሎታል፣ ጀነሬተሩን ለሚጠግነው ሰውዬ ብሎታል። አንድ ጊዜ ለገዛ አማቱ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚገርመው ፊልም ቤት ይዞ ፊልም አያይም። መጀመሪያ ላይ ይገባል፣ ሰው መሙላቱን ያያል፣ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ጭብጨባውን እንደ ራሱ ተቀብሎ ይወጣል። መሀሉን አይቶ አያውቅም።

ይሄ ሰው የዛፉን ትርጉም በኮምፒውተር ይቀዳ ነበር። ቀድቶ በፍላሽ ለአውቶቡሶችና ለፊልም መጫኛ ሱቆች ይበትናል። ዛፉ ይሄን ያውቃል፤ ደስም ይለዋል። «ድምፄ ሞያሌ ደረሰ» ይላል። ያላወቀው አንድ ነገር ነው።

ያወቀው ምዕራብ ዓባያ ያለች እህቱን ሊጠይቅ የሄደ ቀን ነው። አውቶቡሱ ላይ ከኋላ ተቀምጧል፣ ከፊት ስክሪን አለ፣ ፊልም ተከፈተ። የራሱ ፊልም ነው። ዛፉ ፈገግ ብሎ «ተርጓሚያችሁ» የምትለዋን ጠበቀ። አልመጣችም። በሷ ቦታ ሙዚቃ ገባና የሙሉነህ ድምፅ፣ «እህም፣ ይህን ፊልም ተርጉሞ ያቀረበላችሁ ሙሉነህ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ የዛፉ ድምፅ ነው። ዛፉ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው «ይሄ እኮ እኔ ነኝ» አለው። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ አይቶት ሳቀ። «አንተ? ሙሉነህ ነው ሲል አልሰማህም?» አለው። ዛፉ በሚያናግረው ድምፅ እና ከስክሪኑ በሚወጣው ድምፅ መሀል ልዩነት የለም፣ አንድ ነው፣ ሰውየው ግን ስም ነው የሰማው።

ይሄን የነገረኝ ዛፉ ራሱ ነው፣ በማግስቱ፣ አዳራሹን ስጠርግ። አልጮኸም። እኔ ነኝ የጮህኩት። «ሂድና አናቱን በለው» አልኩት። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል፣ ያዞራል። «ስሜን ቆረጠው፣ ብርቄ» አለ። «የሞተ ሰው እንኳን ስሙ ይጠራል። እኔን በቁሜ ቆረጠኝ።» ሙሉነህን ጠየቀው። ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቀበቶውን ስቦ፣ የሚለውን አለ።

እንዲህ በሆነ ሰሞን ነው የሰባቱ ጀግኖች ፊልም የመጣው።

ያ ፊልም ገና ሳይመጣ ከተማው አብዶለት ነበር። ሰባት ጀግኖች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ፊልም ያላቸው፣ አሁን ባንድ ላይ። አንዱ ይበራል፣ አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ ውሃ ይሆናል፣ አንዱ ጊዜን ያቆማል፣ አንዱ ተራራ ያክላል፣ ሴቷ የሩቁን ትሰማለች፣ ሽማግሌው ደግሞ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። ሙሉነህ በር ላይ ትልቅ ሸራ ሰቀለ። በባጃጅ ማይክ አስሮ ከሲቀላ ሴቻ አስለፈፈ። «የዓለም ትልቁ ፊልም» አለ። ቆሎው ራሱ ቀድሞ አለቀ።

ዛፉ ማንኛውንም ፊልም ከመተርጎሙ በፊት ለብቻው አንዴ ያየዋል። ፊልሙ የመጣ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ እኔና እሱ አየነው። እኔ መሀሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በዚያ ሁሉ ፍንዳታ። ስነቃ ዛፉ ፊቱ ጠቁሯል። አይቼው የማላውቀው ንዴት ነው። ሙሉነህ ገባና «እህም፣ እንዴት ነው?» አለ።

«ባዶ ነው» አለ ዛፉ።

«ምን ማለት ነው ባዶ? ሰባት ሰው አለበት እኮ።»

«አንድም የለበትም» አለ። ከዚያ እየቆጠረ አወረደው። እኔ እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። ጊዜን የሚያቆመው ሰውዬ ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚደርሰው፤ ጊዜ አቁሞ የሚያረፍድ ሰው ምን ሊባል ነው? የሩቁን የምትሰማዋ ጠላት ከጀርባዋ ሲመጣ አትሰማም። ተራራ የሚያክለው ፊልሙ እስኪያልቅ ቆሞ ነው የዋለው። ክፉው ከሰማይ ወረደና ምድርን ላጥፋ አለ፤ ለምን ብሎ የጠየቀው የለም፣ እሱም አልተናገረም። «ምን በደሉት? ማንስ ሰደበው? የተበደለ ክፉ እንኳን ያሳዝናል። ይሄ ዝም ብሎ ክፉ ነው።» ደግሞ ከተማው። ያ ሁሉ ፎቅ ይፈርሳል፣ መንገድ ላይ ግን ሰው የለም። «ሙዝ የሚሸጥ የለም፣ ትምህርት ቤት የለም፣ አንድ የታሰረ በግ እንኳን የለም። ለማን ነው የሚዋጉት? ሰው የሌለበት ከተማ ቢፈርስ ምን ገዶኝ ልጩህ?»

ሙሉነህ ሰዓቱን ያያል። ዛፉ ግን ገና ዋናው ላይ አልደረሰም። ዋናው የሽማግሌው ሞት ነው። ሽማግሌው ጀግና ለሌሎቹ ብሎ ይሞታል፤ ገና ዓይኑ ሳይከደን የሚበረው ሰውዬ ቀልድ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ ተያይዘው ይሄዳሉ። «ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚቀልድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለው ሙሉነህን። «መሳቅ ነውር አይደለም። ግን መጀመሪያ ይለቀሳል። አልቅሰህ ከዚያ ትስቃለህ። እነዚህ ሳያለቅሱ ሳቁ። ይሄን ለሕዝብ ትልቅ ነው ብዬ በአፌ አልናገርም።»

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

«ፊልሙ ባዶ ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ እተረጉማለሁ። ደግሞ ስሜን መልስልኝ።»

ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀበቶውን ሳበ። «ስማ ዛፉ፣ ወይ የተሰጠህን ትተረጉማለህ፣ ወይ ሙዝህን ትተክላለህ። ስለ ፊልም የምታወራው አንተ ማን ስለሆንክ ነው? እኔ ባልኖር ማን ነበርክ?» ብሎ ወጣ።

ዛፉ ባርኔጣውን አደረገ። ከዚያ «ይሄ ክፉ ድምፅ አጥቶ ነበር» አለኝ፣ ስክሪኑን እያየ። «አሁን አገኘሁለት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጢም አለ። ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩ ነበሩ። ዛፉ እንደ ወትሮው ጀመረ፣ «ተርጓሚያችሁ ዛፉ ነኝ»፣ ተጨበጨበ፤ ሙሉነህ ሰዉን አይቶ ረክቶ ወጣ። ከዚያ ሰማዩ ተከፈተ፣ ክፉው በሰማያዊ ብርሃን ወረደ፣ አፉን ከፈተ። «እህም፣ እህም» አለ። «እኔ ባልኖር እናንተ ማን ነበራችሁ?»

እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ክፉው እጁን ሲያነሳ «ቀበቶዬን ሳስተካክል ጠብቁኝ» ይላል። ፎቅ ሲያፈርስ «ይሄን ፎቅ እኔ ነኝ የሠራሁት» ይላል። ጀግኖቹም ቅሬታ ጀመሩ። ጊዜ የሚያቆመው «ይቅርታ፣ ባጃጅ አጥቼ ነው» እያለ ይደርሳል። ተራራ የሚያክለው «ምን ላድርግ፣ የምናገረው አልሰጡኝም» ብሎ ያዝናል። ሴቷ «የሩቁን እሰማለሁ፣ ግን የሚጠራኝ የለም» ይላል፣ እንደ ዛፉ አማርኛ። ፈራሹ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዛፉ ሰው አስገባበት፦ «ይሄ የወይዘሮ እንትና ሙዝ መሸጫ ነበር፤ ይሄ መስኮት ውስጥ ልጅ ተኝቷል፤ ቀስ በሉ» ይላል። ሰው ሁሉ ለዚያ ባዶ ከተማ ይሳሳለት ጀመር። ያ የማይረባ ፊልም በዛፉ አፍ ፊልም ሆነ።

ሽማግሌው ሲሞት ዛፉ ድምፁን ቀነሰ። የሚበረው ሰውዬ አፉን ሲከፍት ታየ፤ ቀልዱ ግን አልወጣም። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ነው። ዝም። ያ ሲንከተከት የነበረ ሕዝብ ዝም አለ፤ ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «ተከተሉኝ።»

መጨረሻው አካባቢ ክፉው በራሪውን አንገቱን ያንቀዋል። «እኔ ባልኖር አንተ ማን ነበርክ?» ይለዋል። በራሪው ከክፉው እጅ ወጥቶ ይቆማል። ያኔ ዛፉ የማንንም ድምፅ አልወሰደም፤ በራሱ ድምፅ ነው የተናገረው። «እኔ ዛፉ ነኝ። የጫኖ ልጅ። አንተ ባትኖርም እናገራለሁ።»

ቤቱ ተነስቶ ቆመ። ሙሉነህ በዚያው ሰዓት ለጭብጨባው ገባ። እንዲህ ተጨብጭቦ ስለማያውቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሰዉ ባሰበት፣ እያለቀሰ ሳቀ። እሱ ደስ አለው። በማግስቱ መጀመሪያውን ቆርጦ፣ የራሱን ለጥፎ፣ እንደ ልማዱ መሀሉን ሳያይ፣ ፊልሙን በየአውቶቡሱ በተነው። «ክፉው ሲናገር ሰው ይወዳል» ይል ነበር፤ ሰው ሲነግረው ሰምቶ። የራሱን መሳቂያ በገዛ እጁ እስከ ኮንሶ፣ እስከ ጂንካ አዳረሰው።

ወራት አልቆየም፣ ዛፉን አባረረው። ከአዲስ አበባ የተተረጎመ በስልክ ማውረድ ስለተቻለ ሰው ማስቀመጥ ለምን አስፈለገ አለ። እኔም በዚያው ሳምንት ወጣሁ። ዛፉ ጫኖ ገብቶ ሙዙን ያለማ ጀመር። ልጠይቀው ስሄድ ሚስቱ ወይዘሮ አልማዝ ከጎመን ጋር የተቀቀለ የበቆሎ ኩርኩፋ በዳጣ ታቀርባለች፣ እሱ ከቦዩ ውሃ መልሶ እጁን እየጠረገ ይመጣል። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሙሉነህ ፊልሙን አየው?»

«አላየውም» እለዋለሁ።

«ያየዋል» ይላል። «አንድ ቀን እስከ መጨረሻ ያየዋል። ስሜ ጆሮው እንዲገባ ነው የምፈልገው። ከተማው ሰምቷል፣ እሱ አልሰማም።» ይቺ ቃሉ የክፋት አልነበረችም። እኔ ግን የክፋት አድርጌ ነው የወሰድኳት፤ ለዛፉ ብዬ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ጣፈጠችኝ። ሲቀላ ውስጥ ክፉው ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ባጃጅ ሹፌሮች እርስ በርሳቸው ሲጋፉ «እኔ ባልኖር ማን ነበርክ?» ይባባላሉ፤ ሌላው «የጫኖ ልጅ» ብሎ ይመልሳል። ሙሉነህ በመሀላቸው እያለፈ ሰላምታ መስሎት ያጸፋል። ማንም አልነገረውም፤ የከተማው ትልቁ ጨዋታ ስለነበር ማን ያበላሸዋል?

ዛፉ፣ ሙሉነህ ፊልሙን ሳያየው ሞተ።

እንግዲህ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለናል፤ ሙዙ መሀል የተተከለ ድንኳን ነው። አልቅሰናል። ደረታችን እስኪቀላ ነው ያለቀስነው፤ እኔ ድምፄ ተዘግቷል። ሰው ውሃ እየጠጣ ፀጥ ብሏል። ያኔ ሙሉነህ ተነሳ። አውቄው ነበር። ወይዘሮ አልማዝን ቀና ብዬ አየኋት፤ አንገቷን ደፍታለች።

«እህም፣ እህም» አለ።

ከኋላ የአንድ ሰው ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሙሉነህ ቀበቶውን ሳበ። «ዛፉ ወንድሜ ነበር። ከጀልባ ላይ አንስቼ ማይክ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ድምፁን በየአገሩ ያዳረስኩት እኔ ነኝ። ሰው ሰውን ካላነሳው ከንቱ ነው። እስቲ እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ ባልኖር ዛፉ ማን ነበር?»

ኤርሚያስ፣ ያ ባጃጅ ሹፌር፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ዛፉ ነኝ» አለ።

ከወዲያ ማዶ ሌላው «የጫኖ ልጅ» አለ።

የቀረውን ድንኳኑ በሙሉ አለው። ማንም አልጮኸም፤ ጸሎት እንደሚደግም ሰው በዝግታ፦ «አንተ ባትኖርም እናገራለሁ።» ከዚያ ሳቅ ተነሳ፣ ከእንባ ጋር የተደባለቀ፣ ሊያቆሙት ያልቻሉት ሳቅ። ወይዘሮ አልማዝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል። ለአፍታ ፈራሁ፤ ዛፉ ለቅሶ ላይ መቀለድ አይወድም። ወዲያው ግን የነገረን ትዝ አለኝ። እኛ መጀመሪያ አልቅሰናል።

ሙሉነህ ዙሪያውን አየ። «ምንድነው? ምን አሳቃቸው?» አለኝ፤ ቅርቡ እኔ ነበርኩ። ስንት ዘመን የጠበቅኳት ጥያቄ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ነገርኩት፦ «የበተንከው ፊልም ውስጥ ክፉው አንተ ነህ። አገር ምድሩ ያውቃል። አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው።» ፊቱን እያየሁ ቆየሁ። ፊቴን አላዞርኩም። ነጭ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ቀበቶውን ሊስብ እጁ ሄዶ መሀል ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ቀበቶውን ሲስብ አላየነውም ይሉኛል።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ጁስ ቤቴ መጡ። ሙሉነህ ለቅሶ ላይ አዋረደችኝ ብሎ እነሱ ዘንድ ከሶኛል። እርጥብ ሳር ይዘዋል። በኛ አገር ሽማግሌ ሳር ይዞ ፊትሽ ከተንበረከከ እምቢ ማለት የለም፤ እምቢ ማለት ጎሜ ነው፣ እርግማኑ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ቶሎ ብዬ ከመንበርከካቸው በፊት እኔ ተንበረከክኩ። «አባቶቼ፣ እታረቃለሁ። ግን የበደለውን ሳያውቅ ምኑን ልማረው? ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይየው። እኔ አጠገቡ ልቀመጥ። ከዚያ ሳሩን ስጡኝ።»

ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ፣ «ረጅም ነው ወይ?» አሉኝ።

«በጣም ረጅም ነው» አልኩ ደስ ብሎኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሉነህ ፊልም ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ፊት አግዳሚ ላይ፣ ሳራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሙሉነህ መሀል፣ እኔ አጠገቡ። ክፉው «እህም» ሲል ትልቁ ሽማግሌ ዞር ብለው ሙሉነህን አዩት፤ ከዚያ ጢማቸውን ይዘው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ሙሉነህ ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዝኩ። «ገና ነው» አልኩት። የራሱን ድምፅ፣ የራሱን ቃል፣ የራሱን ቀበቶ ሁሉ ሰማ። በሙቀቱ ላብ ይወርደዋል፤ ለስላሳ እንኳን አላቀረብኩለትም።

ሽማግሌው ጀግና ሲሞት ዝምታው መጣ። ከስፒከሩ የዛፉ ትንፋሽ ይሰማል። ሲያስገባ፣ ሲያስወጣ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ እዚህ ላይ ተሸነፍኩ፤ ልበቀል መጥቼ ነጠላዬ እስኪርስ አለቀስኩ። ከሞተ በኋላ ስንት ቀን አፈር የተጫነው ሰው አጠገቤ ይተነፍሳል። «ተከተሉኝ» አለ፣ ተከተልነው፤ እስከዚያች ቦታ፣ እስከ ስሙ።

ፊልሙ ሲያልቅ ሙሉነህ አልተነሳም። ባዶውን ስክሪን አፍጥጦ ያያል። ምን ይል ይሆን ብለን ስንጠብቅ፣ በቀስታ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ «ከዛፉ በቀር ይሄ ፊልም እኮ... ባዶ ነው» አለ።

«እሱም ይሄንኑ ነው የነገረህ» አልኩት። «እዚሁ ቦታ ቆመህ። ለዚህ ነው ሙዝህን ትከል ያልከው።»

ሽማግሌዎቹ ሳሩን ሰጡን፣ ተቀበልኩ፣ እጁን ጨበጥኩ፤ ጎሜ አልፈልግም። ግን ሳሩ እጄ ላይ እያለ «የቆረጥከውን ስም መልስ» አልኩት። «የቆረጥኩትን ሁሉ አጥፍቻለሁ፣ አንድም ቦታ የለም» አለ። እውነቱን ነበር፤ ዛፉ ስሙን ሲናገር የተቀዳ ምንም አልተረፈም፣ ከዚያች ከበራሪው አፍ በቀር። ትልቁ ሽማግሌ «ታዲያ በአፍህ በላኸው፣ በአፍህ መልሰዋ» አሉ።

እንግዲህ አሁን ሰኞ ሰኞ ሲቀላ እወርዳለሁ። የዛፉን ፊልሞች አንድ በአንድ እናወጣለን፣ የሙሉነህን መግቢያ እንቆርጣለን፣ በቦታው አዲስ እንቀዳለን። ሙሉነህ የዛፉ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ፣ የዛፉን ማይክ ይዞ ይናገራል። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አደምጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነበር፦

«እህም። የዚህ ፊልም ተርጓሚ ዛፉ ነው፣ የጫኖ ልጅ። ተከተሉት።»

«ጉሮሮህን ጠረግክ» አልኩት። «እንደገና።»